አይሆንም

መካኒኩ የመኪናውን በር ልባስ በካቻቢቴ ከአንድ ጥግ ሲገነጥለው ከውስጥ እፍኝ የሚሞላ አቧራ ጫማው ላይ ፈሰሰ።

"እትዬ፣ ይሄ መስኮት ከተከፈተ ስንት ዓመቱ ነው?"

"ልጄን ሳልወልድ ነው የተዘጋው" አለች ሴትዮዋ። "ልጄ አሁን ራሷ ወልዳለች።"

"ታዲያ እዚህ ውስጥ እንዴት ትቀመጡ ነበር?"

"እንደ ማንም ሰው፣ በመቀመጫችን።"

መካኒኩ ሳቀ። ሰፈሩ ይሄን ሰው "ነገ" ብሎ ነው የሚጠራው። እጁ ክፉ አይደለም፤ ግን የትኛውንም ሥራ እስከ መጨረሻዋ ብሎን አድርሶ አያውቅም፣ አንዲት ነገር ለነገ ያስተርፋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም እሱም ሳይረሳው አይቀርም። ዛሬ ግን በጊዜ መጥቶ የሹፌሩን በኩል መስኮት ጨርሷል፤ የቀረው ይሄኛው ነው።

ባልየው ከቤቱ ክፈፍ ሥር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ያያቸዋል። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ቀኝ ጎኑን ከወሰደበት ወዲህ፣ ከሚያውቀው ቋንቋ ሁሉ የተረፈችው አንዲት ቃል ናት፤ እሷም "አይሆንም" ናት። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያጋጥም፣ ብዙ ጊዜ የሚቀረውም አፍ የለመደው ቃል እንደሆነ ሲያስረዳቸው ሚስቱ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን መንከስ ነበረባት። ውሃ ሲጠማው አይሆንም ይላል። ሲያመው አይሆንም ይላል። የልጅ ልጁን አምጥተው ጭኑ ላይ ሲያስቀምጡለትም እንባው እየወረደ አይሆንም ይላታል፤ ሕፃኗ ደግሞ ስሟ ይመስላት እንደሁ እንጃ፣ ትስቅለታለች።

የዶሮ መኖ ነበር የሚያከፋፍሉት። መንዳት ልማርበት ስትለው አይሆንም ይላት የነበረውን ይሄን አሮጌ ፒክአፕ አሁን የምትነዳው እሷ ናት፤ መኖውን ለደንበኛ፣ ባሏን ለፊዝዮቴራፒ ታመላልስበታለች። ባለፈው ሳምንት ሁለቱም መስኮቶች አልንቀሳቀስ ባሉበት፣ መንገድ ተዘጋግቶ ፀሐይ ላይ ሲቆሙ ባልየው ትንፋሽ አጠረው። ከንፈሩ ጠቆረ። መንገደኞች አውርደው ጥላ ሥር ባያስተኙት ኖሮ እዚያው ቀርቶ ነበር። ሐኪሙም ልቡ ደክሟልና ሙቀት አይችልም፣ በምንም ምክንያት አየር እንዳያጣ ብሎ አስጠነቀቃት።

ይሄን ማስጠንቀቂያ የባሏ ታላቅ እህት ከሐኪሙ የበለጠ ትደጋግመዋለች። አሁንም በረንዳው ላይ ቆማ መካኒኩን እየተቆጣጠረች ነው።

"ወንድሜን ልትገድይው ነበር እኮ።"

"ይኸው እያሠራሁ አይደል።"

"እሱ ሲነዳ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል አሉ።"

ሚስትየው ፊቷን ወደ መካኒኩ መለሰች።

"ማንሻው ደህና ነው" አለ መካኒኩ ከበሩ ውስጥ ጭንቅላቱን አውጥቶ። "ላስቲኩ ደርቆ ከመስታወቱ ጋር ስለተጣበቀ ነው። ያልተሠራበት ነገር መቼም ይዝጋል። እጀታው የታለ?"

"እሱ ጋ ነው።"

እውነትም እሱ ጋ ነው። ያኔ፣ ገና አዲስ ተጋቢዎች ሳሉ፣ እሱ ከኋላ ጆንያ ሲያስጭን እሷ በመስኮቱ ቲማቲም ገዛች። ሻጩ ቀልደኛ ቢጤ ነበር። ምን እንዳላት ዛሬ አታስታውስም፣ ግን ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። ቤት ሲደርሱ ባሏ የእሷን በኩል እጀታ ፈትቶ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተና "ስትፈልጊ ጠይቂኝ" አላት። ስትጠይቀው መልሱ ሁሌም አንድ ነበር፤ "አይሆንም፣ አቧራ ይገባል።" በራሱ በኩል ለሲጋራው ጣት የምታህል ክፍተት ይተዋል። ልጇን አርግዛ በመኖው ሽታና በጭሱ መሃል ሲያጥወለውላት፣ ወይ መኪናውን አቁምልኝ ወይ እጀታውን ስጠኝ ብላ ለመነችው። አይሆንም አላት። ሻርፗ ውስጥ አስመለሰችና ጭኗ ላይ ታቅፋው እስከ ቤት ድረስ ሄደች። ይሄ ሳያንስ ነገሩን የጨዋታ ማድመቂያ አደረገው። "የኔዋ እኮ ስጦታ ጠቅልላ ነው የመጣችልኝ" ይላል፣ ጓደኞቹም ይንከተከታሉ። እሷም አብራ ትስቅ ነበር፤ ሆድ ይፍጀው ብላ።

እጀታው ዛሬም ከእሱ አይለይም። ልብስ ስትቀይርለት ከኮት ወደ ኮት ታዛውርለታለች። ካላዛወረችለት ቁርስ አይበላም።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ወንበሩ ሄደ። "ጋሼ፣ እጀታውን ለአንድ አፍታ ይስጡኝ።"

ባልየው ጤነኛ እጁን ኪሱ ላይ ጫነ። "አይሆንም።"

"እምቢ አሉ እኮ።"

"እሺ ሲልም እንደዚያው ነው" አለች ሚስቱ።

"ታዲያ በምን ይለዩታል?"

"በዓይኑ። እሺ ሲል ዓይኑ ይለምናል።"

"አሁንስ?"

ጎንበስ ብላ የባሏን ዓይን አየች። "አሁን እንደ ድሮው ነው" አለችና እጇን ኪሱ ውስጥ ከትታ እጀታውን አወጣችው። ባልየው የእጇን አንጓ ያዛት፤ ግን ግራ እጅ ነው፣ አቅም የለውም።

መካኒኩ ላስቲኩን በስለት እየፈለቀቀ፣ የሳሙና ውሃ እያፈሰሰ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ እየፈተገ፣ ማንሻውን ግራሶ እየቀባ ቆየ። መስታወቱ መጀመሪያ ጮኸ፣ ቀጥሎ አቃሰተ፣ በመጨረሻ በሁለት ጣት ወረደ። ወጣ። እንደገና ወረደ። ሴትዮዋ ቀርባ በራሷ እጅ ሞከረችው። ይሄን ያህል ቀላል ነገር ነበር እንዴ ብላ አሰበችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ባሏን ቀና ብላ ስታየው በጤነኛው ግማሽ ፊቱ ፈገግ ብሏል፤ ተሠራልኝ ማለቱ ነው።

"አንድ ነገር ብቻ" አለ መካኒኩ ዕቃውን እየሰበሰበ። "እጀታውን የምትይዘው ክሊፕ ተበልታለች። ሲያዞሩት ወደ ውስጥ ጫን ያድርጉት፣ አለበለዚያ ይወልቃል። ክሊፗን ነገ አመጣለሁ።"

"ነገ" አለች።

"ነገ፣ እውነቴን ነው።"

ከምሳ በኋላ ለፊዝዮቴራፒ ወጡ። እህትየው በሩ ድረስ ተከትላ ወንድሟ ጉልበት ላይ የውሃ ጠርሙስ አስቀመጠችና "መስኮቱን ክፈቺለት፣ አደራ" አለች።

"ሞቅ ሲለው እከፍትለታለሁ።"

ይሄን ያለችው ከልቧ ነበር። መንገዱ እስኪሠራ አፈሩ የተገለጠበት ቦታ ሲደርሱ ግን መኪናው ሁሉ ቆመ። ፀሐይዋ በእሱ በኩል ናት። ባልየው ግራ እጁን በደረቱ ላይ አሻግሮ እጀታውን ጨበጠ፣ ጫን ማለቱን ረስቶ አዞረውና እጀታው ወልቆ ጭኑ ላይ ወደቀ። አንስቶ ሊመልሰው ሞከረ፤ ግን ቦታውን ሳተው። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ሳተው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። በመጨረሻ እጀታውን ወደ እሷ ዘረጋላት። በትዳር ዘመናቸው ይሄን እጀታ በገዛ እጁ ሲሰጣት የመጀመሪያው ነበር።

ተቀበለችው። ዘንበል ብላ በቦታው ሰካችው። ክፋት በሐሳቧ አልነበረም፤ ልማድ ሆኖባት ብቻ ጠየቀችው።

"ልክፈትልህ?"

"አይሆንም።"

እጇ እንደተዘረጋ ቆመ። ያው መኪና፣ ያው የመኖ ሽታ፣ ያው ቃል። ድምፁ ደክሟል እንጂ አባባሉ እንኳ አልተለወጠም። መናደድ ነበረባት፤ ነገር ግን የተሰማት ደስታ ነው፣ ይሄን ከራሷ መደበቅ አልቻለችም።

"አልከፍትም?"

"አይሆንም። አይሆንም፣ አይሆንም።"

ትንፋሹ ማጠር ጀምሯል። ዓይኑን ለማየት አንገቷን ትንሽ ማዞር ብቻ ነበር የሚበቃት። አላዞረችም። ፊት ለፊቷ የቆመውን የጭነት መኪና የኋላ መብራት አየች።

"እንዳልክ" አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እውነትህን ነው፣ አቧራ ይገባል።"

እጀታውን ነቅላ ሹራብ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በራሷ በኩል ያለውን እጀታ ያዘችና ክፍት የነበረው መስታወት ወጥቶ ግጥም እስኪል ድረስ ቀስ ብላ አዞረችው።