የጎደለችው ሃያ ሰከንድ

ኸሊፍ የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነውን አሮጌ ፕሮሰሰር ጀርባውን አልኮል በነካ ጥጥ ሲጠርገው፣ የደረቀው ግራጫ ቅባት እንደ አመድ እየተፈረፈረ ወደቀ። ዘርፈሽ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ትመለከተዋለች። ከማርዳ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ በሩን ብትለቀው የጅግጅጋ አቧራ ሁሉ ተጠራርጎ የሚገባ ይመስላታል። ኮምፒውተሩ ሆዱን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ሐኪም ፊት የተኛ ልጅ ያላት እናት እንደምታደርገው፣ ዐይኗን ከጠጋኙ ጣቶች ላይ መንቀል አልቻለችም።

«ሆዮ፣ ምነው ትንፋሽሽን ዋጥሽ?» አለ ኸሊፍ። እናቴ ማለቱ ነው፤ በሱማልኛ እንዲያ ነበር የሚጠራት። «ይልቅ ይህን አዲሱን ፕሮሰሰር ማን መረጠልሽ?»

«ራሴ ነኛ! ቶጎ ጫሌ ድረስ ሄጄ፣ የአሮጌውንና የአዲሱን ካርቶን ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ራሴ አንብቤ። አንዱ ሦስት ነጥብ አራት ይላል፣ አንዱ ሦስት ነጥብ አምስት። የእኔ አራቱ ነው። አምስት አይበልጥም?»

ኸሊፍ ሳቁን መዋጥ አቃተው። «መብለጡስ ይበልጣል። ግን ያው ሰውዬ ነው፤ ጢሙን ተላጭቶ መጣ እንጂ። ያንኑ ዕቃ ትንሽ አፋጠኑና አዲስ ቁጥር ለጠፉበት። ጀሪካን ውሃ ላይ አንድ ማንኪያ ብትጨምሪበት ማን ያውቅልሻል? ያንቺን ኮምፒውተር የሚያንቀራፍፈው ዲስኩ ነው።»

«ከገዛሁ በኋላ ነው የምትነግረኝ?»

«ሳትገዢ መቼ ጠየቅሽኝ?»

እውነቱን ነው፤ ዘርፈሽ አልጠየቀችም። ማዶ ያለው የዋርሳሜ ጽሕፈት ቤት አዲስ ማሽን ካስገባ ወዲህ እሷ ሱቅ ማመልከቻ የሚያስጽፉት ሰዎች አንድ በአንድ ወደዚያ ተሻግረዋል። እሷም የሆነ ነገር ማድረግ ነበረባት። ደግሞም ካርቶን ላይ የተጻፈ ነገር ማንንም ሳትጠይቅ አንብባ ስትገዛ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነበር። ያንን ደስታ ከማን ጋር ትካፈለው?

«እንግዲህ ከመጣ ግጠመው» አለች።

ኸሊፍ ገጠመው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዘርፈሽ ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና፣ ሌላ ሥራ ሳትነካ፣ በየማለዳው የምትከፍተውን ከፈተች። ልጇ ሮዛ የሠራችላት የፊደል ትምህርት ነው። እናቷ የጎልማሶች ትምህርት ክፍል ገብታ ከጎረቤቶቿ ፊት መንተባተብ ባፈረች ጊዜ፣ ሮዛ ኮሌጅ በተማረችው የኮምፒውተር ሙያ ቤቷ ውስጥ ክፍል ከፈተችላት። ፊደሉ የኮምፒውተሩ ሰሌዳ ላይ ይወጣል፤ ሮዛ በራሷ ድምፅ ትጠራዋለች፤ እናቷ እስክትደግመው ጥቂት ትጠብቃለች፤ ከዚያ የሚቀጥለው ይመጣል። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል፣ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ጥበቃ።

ፊደሉን ከለየች ቆይታለች። ሮዛም ከሄደች ሦስት ዓመት አልፏታል። ባሕር ልትሻገር ከሶማሊያዋ ወደብ ከቦሳሶ ደውላ «ጀልባው ነገ ነው፣ እማ፤ አታስቢ» አለች፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ የለም። ዘርፈሽ ግን ሱቋን የምትከፍተው ሁልጊዜም ሁሉንም ደግማ ከጨረሰች በኋላ ነው።

«ሀ» አለች ሮዛ።

«ሀ» አለች ዘርፈሽ።

«ሁ።»

«ሁ።»

አምስተኛው ላይ እጇ ጠረጴዛው ላይ ደረቀ። አሥረኛው ላይ ወደ ኸሊፍ ዞረች።

«ቸኮለች» አለች።

«ማን?»

«አፌን ሳልገጥም ነው የምትቀጥለው። ከኋላዋ የሆነ ሰው ቆሞ የሚያጣድፋት ትመስላለች።»

ኸሊፍ ሊቀልድ አስቦ ፊቷን ሲያይ ተወው። ስልኩን አውጥቶ ትምህርቱን ከመጀመሪያው አስጀመረና እስኪያልቅ ለካ። አሥራ አምስት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ።

«ሁልጊዜ አሥራ አምስት ተኩል ነው» አለች ዘርፈሽ። «ሦስት ዓመት ሙሉ በግድግዳው ሰዓት አይቼዋለሁ። ሃያዋ ሰከንድ የት ገባች?»

ኸሊፍ ሮዛ የጻፈችውን ፕሮግራም ከፍቶ በዝግታ አነበበው። ከዚያ ጭንቅላቱን አከከ። «ልጅሽ በሰዓት አልሠራችውም። ‹እስከዚህ ቁጥር ድረስ ቁጠርና ቀጥል› ነው ያለችው። አዲሱ ፈጥኖ ይቆጥራል፤ ስለዚህ ፈጥኖ ይጨርሳል። በአንዱ ፊደል ላይ ዐይን ለመጨፈን እንኳ የማትበቃ ናት የጎደለችው። ወላሂ፣ ሌላ ሰው አያውቃትም ነበር።» ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈ። «ቀላል ነው፤ ቁጥሩን ከፍ ላድርግልሽ።»

«እንዳትነካው!» ጮኸች። ወዲያው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የኔ ልጅ፣ እሷ የጻፈችውን አትንካ። አሮጌውን መልስልኝ።»

«ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ፀጉር ነው የሚያክሉት፤ ኮምፒውተሩም አርጅቷል። ደጋግሜ ስከፍተው አንዷ ከታጠፈች ማሽኑ ጭራሽ ላይነሣ ይችላል። ለሃያ ሰከንድ ብለሽ ሱቁን ትዘጊያለሽ?»

ዘርፈሽ ማዶ የተሰለፉትን የዋርሳሜን ደንበኞች በበሩ ስንጥቅ አየቻቸው።

«መልስልኝ» አለች።

ኸሊፍ ላብ እያጠመቀው መለሰው። ሲያበራው ሰሌዳው ለረጅም ጊዜ ጥቁር ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ ነጣ። ሁለቱም እኩል ተነፈሱ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ትምህርቱን አስጀመረ። ዘርፈሽ ስልኩ ላይ የሚሮጠው ቁጥር ላይ አፍጥጣ ነበር።

«ሀ» አለች ሮዛ።

ሦስት ሰከንድ አለፈ። ስድስት ሆነ። ፊደሉ አልተለወጠም።

«ማሽኑ ቆመ» ብሎ ኸሊፍ ማውሱን ነካ። ቀስቷ ሰሌዳው ላይ እንደ ልቧ ተንቀሳቀሰች። ማሽኑ አልቆመም። እጁን ወደ ማጥፊያው ሲሰድ ዘርፈሽ አንጓውን ያዘችው።

«አልመለስኩላትም» አለች በሹክሹክታ። «ስልኩን ሳይ፣ ዛሬ አልመለስኩላትም።»

«ሆዮ፣ ይህ ማሽን ማይክ የለውም። አይሰማሽም። ሰምቶሽም አያውቅም።» የመጨረሻዎቹን ቃላት ሲናገር ድምፁ ሳሳ።

ነፋሱ በድንገት ቆመ። ከስፒከሩ ዝምታ አልነበረም የሚወጣው፤ ሰፊ ባዶ ቦታ ላይ የቆመ ሰው ስልክ ደውሎ ሳይናገር ሲቀር የሚሰማው ዐይነት ነገር ነበር። ኸሊፍ ወንበሩን ከጠረጴዛው አራቀ። ቁጥሩ አርባን አለፈ፤ ስልሳንም አለፈ።

ዘርፈሽ አንዲት ፊደል ብትናገር ልጇ ወደሚቀጥለው እንደምታልፍ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው፣ በመጨረሻም ዝም እንደምትል ታውቃለች። ከንፈሯን ገጠመች።

በሩ ተንኳኳ። «እማማ፣ ማመልከቻ ነበር፤ ክፍት ነው?» አለ አንድ ሰው ከውጭ።

ዐይኗን ከሰሌዳው ሳታነሣ፣ ዝም እንዲል ለኸሊፍ ጣቷን አነሣችለት።