የሐቢብ ላም ወተቷን የያዘችበት ሰሞን

ሐቢብ እንደሚለው ወተቱን የምትሰርቀው ሚስቱ መሪማ ናት፤ ከማለቢያው እየቀነሰች ሐይቅ ከተማ ላሉት እናቷ ትልካለች። መሪማ እንደምትለው ደግሞ ላሟ ነጥፋለች፤ ጥፋቱም ላሟን ሊገዛ ገበያ ወጥቶ ደላላ ያሞኘው የባሏ ነው። ነገሩ ከርሮ የመሪማ ልብስ በፌስታል ታስሯል፤ እናቷ ቤት ልትገባ ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ ሰላሀዲን ከውጫሌ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ሁለቱንም እኩል አዳመጠ። ላሟን መረመራት። ጤነኛ ናት፤ ጡቷም ግጥም ብሏል።

«ወተቱ መጉደል የጀመረው መቼ ነው?»

«ላሟ ጫማዬን የረገጠችብኝ ዕለት» አለ ሐቢብ። «አንዴ ዱላ አቀመስኳት።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ከዚያ ወዲህማ ስትታለብ በሩ ላይ ቆሜ ሌባዬን እጠብቃለሁ!»

«ዱላውን ይዘህ?»

«ታዲያ ሌባ በባዶ እጅ ይያዛል?»

ሰላሀዲን ዓይኑን ጨፍኖ «ያረቢ!» አለ። ኮሌጅ ስለ ላም ብዙ ተምሯል፤ ስለ ባል ግን ያስተማረው የለም።

«ስማኝ ሐቢብ። ወተቱ እዚያው ጡቷ ውስጥ አለ። ጡቷ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ግን ከአንጎሏ መልእክት ካልመጣላቸው ጨምቀው አይለቁትም። መልእክቱ በደም የሚሄድ ቅመም ነው፤ ሆርሞን እንለዋለን። ጥጃዋ ጠጋ ስትል ‹ልቀቁ› የሚለው ይላካል። ስትደነግጥ ሌላ ቅመም ይወጣና ያንን ያግደዋል።»

«አጂብ! ላሜ ከጡቷ ጋር ስልክ ትደዋወላለች?»

«አዎ። ኔትወርኩን የምትዘጋው አንተ ነህ!»

ሐቢብ እያጉረመረመ ከአጥሩ ወጣ። መሪማ ጥጃዋን አስጠግታ ማለብ ያዘች። ወተቱ ጭርር ማለት ሲጀምር ከአጥሩ ማዶ «መጣ ወይስ አልመጣም?» የሚል ጩኸት ተሰማ። ላሟ ጆሮዋን አቆመች፤ ወተቱም ቀጥ አለ።

ላሟን አባብለው እንደገና ጀመሩ።

«ዶክተር፣ የሚስቴን እጅ እያየህ ነው?» አለ ሐቢብ ከአጥሩ ማዶ።

ቀጥ!

ሰላሀዲን ወጥቶ ሐቢብን ክንዱን ይዞ እስከ ታችኛው መንገድ ሸኘው። «መስጂድ ሂድ። ዱዓ አድርግ፤ ለእኔም ጭምር።»

ሐቢብ ሲመለስ ማለቢያው እስከ አፉ አረፋ ሞልቷል። ማለቢያውን አየ፤ ላሟን አየ፤ በመጨረሻ ሚስቱን አየ።

«እስካሁን የት ደብቃችሁት ነበር?»

ሰላሀዲን ቦርሳውን አነሳ። መሪማ ግን ፌስታሉን ፈታ ልብሷን መደቡ ላይ ዘረገፈችው፤ ጎረቤት እስኪሰማም ድምጿን ከፍ አደረገች።

«እኔ የትም አልሄድም! ላሟ ስትታለብ ከዚህ ግቢ የምትወጣው አንተ ነህ፤ ዱላህንም ይዘህ!»