ያልተመረዙት ጠርሙሶች

የልጅ ልጄ፣ ብርዱ ጥርስ ከሚያንቀጫቅጨው ውቅያኖስ በመርከብ ስትመለስ ሣጥን ሙሉ ውሃ ይዛ መጣች። «ሁለት ወር ተንከራትተሽ ውሃ?» ብዬ ሳቅሁባት።

«ውስጡ ጋዝ አለ እማማ፤ ሚቴን ይባላል» አለችኝ፣ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ። ለካ ከባሕሩ ሥር፣ አየር የማይደርስበት ጭቃ ውስጥ፣ በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች የበሰበሰውን እየበሉ ጋዝ ያወጣሉ። ጋዙ ሽቅብ ሲል ደግሞ ሌሎች ጠብቀው ይበሉታል። ብርዱ ያዘገያቸዋል እንጂ አያስቆማቸውም።

«እንደ አጎትሽ ናቸው በያ! ሌላው ይለፋል፣ እሱ ቁጭ ብሎ ይውጣል።»

በሳቅ ፍርስ አለች። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። ውሃው እንደተቀዳ ጠብታ መርዝ ካልገባበት፣ በላተኞቹ ጠርሙሱ ውስጥም መብላታቸውን አይተዉም፤ ልኬቱ ውሸት ይሆናል። እሷ ደግሞ በመጨረሻው ቀን ጣቷ ደንዝዞ አሥራ ሁለት ጠርሙሶች ሳትመርዝ ከድናለች።

«ሰኞ ለአለቃዬ ራሴ እነግረዋለሁ። እነሱን ጥሎ ሌላውን ይለካል። ከሰው ከሰማ ግን ደበቀችኝ ይላል፣ መርከቡን ዳግም አላየውም። ለማንም እንዳትናገሪ እማማ፣ በሞቴ!»

«እኔ? አፌ ይቆረጥ!»

እሑድ ጎረቤቴ መጣች። ልጇ ከኔዋ ጋር አንድ ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው። የበላተኞቹንና የአጎትዬውን ነገር ሳወራላት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቋ ጣፈጠኝ። ወሬ ደግሞ ጨው ካልነሰነሱበት አይጥምም፤ አሥራ ሁለቱን ጠርሙስ ነሰነስኩበት።

ሰኞ የኔዋ አፏን ሳትከፍት አለቃዋ፣ «መቼ ልትነግሪኝ ነበር?» አላት።

«ዛሬ» አለች። ማን ይመናት?

በሚቀጥለው ጉዞ በቦታዋ የጎረቤቴ ልጅ ተሳፈረች። የኔዋ ባዶ ጠርሙስ ታጥባለች።

አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «እንዴት ዋልሽ?» ስላት «ደህና» ትላለች፣ በቃ።

ትናንት ጎረቤቴ፣ ልጇ ከተሳፈረች ጀምሮ ስታስመልስ እንደሰነበተች በሹክሹክታ ነገረችኝ። «ለማንም እንዳትይ፣ እትዬ» ብላኛለች። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። የኔዋ ከሥራ እስክትገባ አላስቻለኝም፣ በር ላይ ጠብቄ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ።

ጫማዋን እያወለቀች ቀና ብላ አየችኝ።

«ይሄኛውስ የማን አደራ ነበር፣ እማማ?»