የሃዎ በርሜል

ያን ዕለት ሲመሽ ሰፈሩ በሙሉ ጨልሞ የእኔ ኩራዝ ብቻ ቦግ ብሎ በራ። ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር! እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ሃዎ ደቻቱ ወንዝ ዳር ትንሽ ሱቅ ያላት ሶማሌ ጎረቤቴ ናት። ስኳርም ሩዝም ትሸጣለች፤ ዋናው ንግዷ ግን ላምባ ነው። የኤሌክትሪክ መብራት ያኔ ለእነ ከዚራ ሰፈር እንጂ ለእኛ አልደረሰም። የሱቋ ሁለተኛ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነበር የሚቀመጠው፤ ከማተቤ ጋር አስሬ አንገቴ ላይ አውለዋለሁ። የእስላም ሱቅ ቁልፍ በክርስቲያን ማተብ እያሉ ሰፈርተኞቹ ይስቁብናል፤ እኛም አብረን እንስቃለን።

በዚያ ሳምንት ሃዎ አክስቷ ሞታባት ወደ ዘመዶቿ አገር ዋሂል ለለቅሶ ሄደች። አዲስ ላምባ በጋሪ ሊመጣ ስለነበር፣ ተቀብሎ በርሜሏ ውስጥ እንዲያስገለብጥ ቁልፉን ለባሌ ለክፍሉ ሰጠሁት። ሃዎ ከለቅሶ የተመለሰች ዕለት ሰው ጥቋቁር ጠርሙሱን ይዞ ደጇ ላይ ተሰልፎ ጠበቃት። ከበርሜሉ ቧንቧ እየቀዳች ሁሉንም ሸኘች።

ጀምበር ስትጠልቅ ኩራዙ ሁሉ ተንጣጣ፣ ጨሰ፣ ጠፋ። ወዲያው ጩኸት ሰማሁና ወጣሁ።

«ላምባ ብለን ብንመጣ የደቻቱን ጎርፍ ሸጥሽልን!» ይላል አለምብርሃን፣ ልብስ ሰፊው። ጠርሙሱን ዘቅዝቆ የሃዎ ደጃፍ ላይ ደፋው።

«ወላሂ አልነካሁትም! ያ ጀማዐ፣ እናንተ ሰዎች፣ እኔ ዛሬ ነው የገባሁት!» ትላለች ሃዎ። ማን ይስማት? «ሌባ!» አለ አንዱ ከኋላ። ይሄኔ ገብታ ዕቃዋን በአንሶላ ትቋጥር ጀመር። «ሌባ በተባልኩበት ሰፈር አላድርም» አለችኝ። «ዋሂል እገባለሁ፣ አልመለስም።»

ላምባውን የተረከበው ክፍሉ ነውና እሱ ይመስክርላት ብዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ጌታው ተቀምጦ እራቱን ይበላል። ጩኸቱ እኮ እዚያ ድረስ ይሰማል!

«እኔን ምን አገባኝ?» አለኝ ቀና ሳይል።

ያን ጊዜ ኩራዙን ልብ አልኩት። የሰው ሁሉ ጠፍቶ የእኛ ፍክት ብሏል።

«ይሄን ላምባ ከየት አመጣኸው?»

ጉርሻውን መሶቡ ላይ መለሰ። እውነቱን ለምኜ ሳይሆን አንቄ ነው ያስወጣሁት። ከቧንቧው በታች የሚቀረው ላምባ አይወርድም፤ ጋሪው እስኪመጣ ይሄ ከሚባክን ብሎ ውሃ በባልዲ ገለበጠበት። ውሃ ከባድ ነው፣ ከታች ይተኛል፤ ላምባው ከቧንቧው በላይ ወጥቶ ተንሳፈፈለት። እሱን በጣሳ እየገፈፈ ለቤቱ ቀዳ። ውሃውን ሳይደፋ ጋሪው ደጅ ደረሰ። ጣሳ ይዞ መታየቱን አፈረና ዝም አለ፤ አዲሱን ላምባ እላዩ ላይ ገለበጡት።

«አሁንስ ለምን ዝም አልክ?»

«ያልፋል ብዬ።»

ያልፋል! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ግን እስኪያድር የምጠብቅበት አንጀት አልነበረኝም። በአንድ እጄ ኩራዙን፣ በሌላው ኮሌታውን ያዝኩ።

«በጃንሆይ አምላክ ቁሙ!» አልኩ ሱቁ በር ላይ። ቆሙ። ኩራዙን ከበርሜሉ ራቅ አድርጌ ግንቡ ላይ አስቀመጥኩና ባልዲ አቀረብኩ። «ቧንቧውን ክፈተው። ያደረግከውን እየተናገርክ ክፈተው።»

መናገር ጀመረ። «ጮክ በል!» አልኩት።

ከቧንቧው ውሃ ወረደ። ባልዲው ሞላ፤ ሌላ አመጣሁ። ሁለተኛው ሲጋመስ ቧንቧው ተንተፋተፈና ላምባው መጣ። አለምብርሃን የጨርቅ ቁራጭ ነክሮ ወደ ኩራዙ ወሰደና ለኮሰው፤ ቦግ አለ።

«በይ እንግዲህ ሃዎ፣ ሰው ይሳሳታል» አለ።

«አንተ ደግሞ የደፋኸውን በጋቢህ ጥረግ!» አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጠረገ።

ሃዎ የሁሉንም ጠርሙስ ተቀብላ፣ ውሃውን ደፍታ እንደገና ሞላችላቸው። አንሶላውንም ፈታች፤ ዕቃዋን ወደ ቦታው መለሰች። ሰው ወደየቤቱ ሲበተን፣ አለቀ፣ ተመስገን አልኩ። እሷ ግን መዳፏን ዘረጋችልኝ።

«ቁልፌን ስጪኝ፣ ወላል» አለችኝ፤ በቋንቋዋ እህቴ ማለቷ ነው።

«ሃዎ፣ እህቴ፣ እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ። አንቺ ባትኖሪ ዛሬ ሌባ ተብዬ ነበር የምሄደው። ግን አቦ፣ ቁልፉ የሚያድረው ከሱ ጋር አንድ ቤት ነው።»

እጄን አንገቴ ስር ሰደድኩ። ክፍሉ ሲመልስልኝ ቋጠሮውን አጥብቄ ነበር ያሰርኩት። እምቢ ሲለኝ ሃዎ ቀረብ አለችና ማተቤን ሳትበጥስ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው።

ክፍሉ ከኋላዬ «እንሂድ» አለ።

«አንተ ሂድ» አልኩት።