ክንዷ ላይ የቆመው ስፒል

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጋሽ ሜትር የእትዬ ቶሎ ክንድ ላይ ስፒል ሰካባት።

አውቆ አይደለም። የስፒል ትራስ መስሎት ነው። ትራስ ያስመሰለችው ደግሞ ራሷ ነች፤ ስለዚህ ማንንም አትወቅስም። ቢሆንም አምስት ደቂቃ ያህል ወቅሳዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ቶሎ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ነች። ሌላ ስም አላት፣ ግን ሱቁ ውስጥ የሚያስታውሰው የለም። ቶሎ ትበላለች፣ ቶሎ ትሰፋለች፣ ቶሎ ትቆጣለች፣ ቶሎ ትታረቃለች። ስኳር አለባት። ከሁለት ወር በፊት ክሊኒኩ የግራ ክንዷ ጀርባ ላይ የካፖርት ቁልፍ የምታክል ነጭ ነገር ለጠፈላት። ሴንሰር ነው የሚሏት። እሷ «ቁልፏ» ትላታለች። ቁልፏ ቀኑን ሙሉ ስኳሯን እየለካች ለስልኳ ትነግራለች፤ ስኳሩ ከወረደ ስልኩ ይጮኻል። በቀን አራት ጊዜ ጣት መውጋት ቀረ።

ለሌላ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር ይሆናል። ነጭ ሳቲን ለምትሰፋ ሴት ግን አንዲት የደም ጠብታ አንድ ሙሉ ቀሚስ ናት። እትዬ ቶሎ በጣቷ ሁለት ቀሚስ አበላሽታለች። ሁለተኛውን የሙሽራዋ እናት ነች ያየችው። ስለሱ አይወራም።

የአንዲት ቁልፍ ዕድሜ ሁለት ሳምንት ነው። የመጀመሪያዋ አራት ቀን ኖረች። እትዬ ቶሎ በር ላይ ስትደርስ ቀስ አትልም፣ በጎን ሸርተት ብላ ነው የምትገባው፤ የበሩ መቃን ገሽልጦ ጣላት። ሁለተኛዋ ዘጠኝ ቀን ቆየች። ቀሚሷን ባንድ ትንፋሽ ስትሞሽልቅ ቁልፏም አብራ ወጣች። ሦስት ቀን ተፈልጋ የባሏ ካልሲ ውስጥ ተገኘች፦ ታጥባ፣ ተጨምቃ፣ ደርቃ።

«እኔን ነው እንዴ ስትለካ የከረመችው?» አለ ባሏ።

አልሳቀችም።

የክሊኒኳ ሲስተር ቀጭን ነች፤ ድምጿ ግን ወፍራም ነው። ሦስተኛዋን ስትለጥፍላት እንዲህ አለቻት።

«ስሚኝ እናቴ። ስትለብሺ ይሄ እጅ መጀመሪያ፣ ስታወልቂ ይሄ እጅ መጨረሻ። ከታጠብሽ በኋላ በፎጣ ማሸት የለም፣ ጫን ጫን አድርገሽ ማድረቅ ብቻ። በግራ ጎን መተኛት የለም። ቦርሳ በቀኝ ትከሻ።»

«ገባኝ።»

«ሳልጨርስ ምኑ ነው የገባሽ?»

«ጨርሺዋ ታዲያ!»

«እሺ፣ ልጨርስልሽ። ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ይቺም ሁለት ሳምንቷን ሳትሞላ ከጠፋች፣ ቀጣይዋን ለተረኛው ነው የምሰጠው። አንቺ ወደ ጣትሽ ትመለሻለሽ። ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጊዜዋ ያልቃል። ክንድሽ ላይ እንዳለች ይዘሻት ነይ።»

እትዬ ቶሎ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የተባለችውን አደረገች። በግራ በኩል ተኝቶ የነበረው ባሏ በክርኑ እንዳያገኛት ግድግዳ ሥር ከነበረበት አንስታ ዳር አወጣችው። ሰውየው ዳር መተኛት አያውቅም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለቴ ወደቀ። ሦስተኛውን ጊዜ ፈርቶ ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረ።

ይሄ ሁሉ ደህና ነበር። ከዚያ ያልተባለችውን ጨመረችበት። ሽፋን ሰፋች። ከቀይ ከፋይ ቁራጭ፣ ውስጡ ስፖንጅ፣ ዙሪያው ላስቲክ። ግማሽ ብርቱካን የሚያክል ድንቡሽቡሽ ነገር ሆነ። ክንዷ ላይ አስገብታ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለችና ወደደችው።

አሁን ሱቁን ማወቅ ያስፈልጋል። እዚያ የሚሠራ ሰው ሁሉ ክንዱ ላይ የስፒል ትራስ ያስራል። ትራሶቹን ሁሉ የሰፋቻቸው እሷው ነች፤ ከዚያው ከቀይ ከፋይ ቁራጭ፣ በዚያው ስፖንጅ፣ በዚያው ላስቲክ። ደንቡ ደግሞ አንድ ነው፦ እጅህ ከሞላ፣ የቅርቡ ትራስ የሁሉም ነው። ማንም ማንን ሳያይ ይሰካል። ምክንያቱም መሬት ላይ የወደቀ ስፒልን የሚያገኘው የሙሽራ እግር ነው።

እትዬ ቶሎ ይህን ደንብ ለሃያ ዓመት ስታስተምር ኖራለች። ሽፋኑን ስትሰፋ ትዝ አላላትም።

አሥራ ሦስት ቀን ሹራብ ደርባበት ስለነበር ያየው የለም። ሐሙስ ሙቀት ሆነ። ካውያው ሱቁን በእንፋሎት ሞልቶታል። ሹራቧን አወለቀች፤ ሲስተር እንዳለችው፣ ግራውን እጅ መጨረሻ።

ጋሽ ሜትር የሱቁ ጨርቅ ቆራጭ ነው። ስሙን ያገኘው አንገቱ ላይ ከሚያንጠለጥለው ሜትር ነው፤ ሚስቱ ሲተኛም አያወልቀውም ትላለች። ሱቁ ውስጥ ራስ የሌላት የእንጨት ሙሽራ አለች፤ የሷን ቀሚስ ግርጌ እየለካ ነበር። አፉ ውስጥ አራት ስፒል፣ በግራ እጁ ጨርቅ፣ በቀኝ እጁ አምስተኛው ስፒል፣ ባለ ነጭ ዶቃው። እትዬ ቶሎ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ ዞር ሳይል እጁን ዘረጋና ሰካው።

«እናቴ ድረሽ!»

«ምን ሆንሽ?» አለ በስፒሎቹ መሃል።

«ክንዴ ነው!»

«ታዲያ ትራሱ የት ሊሆን ኖሯል? ጉልበትሽ ላይ?»

«ትራስ አይደለም!»

ስፒሎቹን ካፉ አወጣና መነጽሩን አስተካከለ። «ቀይ ነው። ከፋይ ነው። ክንድ ላይ ነው። ምንድን ነው ታዲያ?»

ከመተኮሻ ጠረጴዛዋ ልብስ ተኳሿ ካውያ ሮጣ መጣች። ወጣት ነች፤ ቅጽል ስሟን ያገኘችው ከሥራዋ ብቻ አይደለም፣ ከምላሷም ነው። ላስቲኩን በቀስታ ከፍ አድርጋ ከሥር አየች።

«ቁልፏ መሃል ባለችው ቀዳዳ ውስጥ ነው የገባው። ልክ መሃሏ! ጋሼ፣ ሆን ብለው ቢሞክሩ አያገኟትም።»

«አርባ ዓመት የሠራሁበት እጅ ነው» አለ ጋሽ ሜትር። ከዚያ የእትዬ ቶሎን ፊት አየና ኩራቱን ዋጠው።

«ልንቀለው» አለች ካውያ።

«እንዳትነኪው!» አለ እሱ። «ጎማ ላይ ምስማር ሲሰካ ትነቅያለሽ? እስከ ጎሚስታው ድረስ በዚያው ነው የሚነዳው። ከነቀልሽው ሁሉም ነገር አብሮ ይወጣል።»

እትዬ ቶሎ ስልኳን አየች። መቶ ሃያ ስምንት። ቁልፏ ትናገራለች። ያመማትም ጫፉ ቆዳዋን ጫር ያደረጋት ቦታ ብቻ ነው። ሰዓቷን አየች። አራት ከአሥር። እስከ አሥር ሰዓት ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ጎድሎታል።

«ማንም አይነካኝ» አለች። «እስከ አሥር ሰዓት በዚሁ እቆያለሁ።»

ቆየች። ግራ ክንዷን እንደ ዶሮ ክንፍ ከጎኗ አርቃ የስፌት መኪናው ፊት ተቀመጠች። ለመነሳት ባሰበች ቁጥር ካውያ ከፊቷ እየቀደመች «ክንድ! ክንድ ይለፍ!» ስትል ደንበኞች ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ፣ ነጩን ዶቃ ትኩር ብላ አየችው።

«ያምራል» አለች። «ለኔም እንዲህ ያለ ጌጥ ይደረግልኝ?»

«አንቺን አይመችሽም» አለቻት እትዬ ቶሎ።

የምሳ ሰዓት ደረሰ። ምግቧ ያለው በጓዳው ነው። የጓዳው በር ጠባብ ነው፤ የመጀመሪያዋን ቁልፍ የገደለው መቃንም እሱ ነው። እትዬ ቶሎ መቃኑን አየችው። አልረሳችውም።

«ላምጣልሽ?» አለች ካውያ።

«ቆይ፣ እጅጌውን ልጨርስ።»

ጠዋት ኢንሱሊኗን ወስዳለች። ኢንሱሊን ደግሞ እጅጌ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ስልሳ ስድስት፣ ቀስቱ ወደ ታች።

«ስፒሉ ነው» አለች እትዬ ቶሎና ዝም አሰኘችው።

ቆይቶ እንደገና ጮኸ። ስልሳ አንድ።

«ስፒሉ ነው አልኩ እኮ! ሆዷ ውስጥ ብረት ገብቶ እንዴት እውነት ትናገራለች?»

«አልቦሽ የለም እንዴ?» አለ ጋሽ ሜትር።

«ሙቀቱ ነው።»

«እጅሽም ይንቀጠቀጣል።»

«መኪናው ነው የሚያንቀጠቅጠኝ!»

መኪናው ቆሟል። ጋሽ ሜትርና ካውያ ተያዩ። ግን እትዬ ቶሎ «አይደለም» ካለች አይደለም ነው፤ ሱቁ ውስጥ ተከራክሮ ያሸነፋት የለም። እጅጌውን ጨረሰችና ለካውያ ወረወረችላት። «ተኩሺው። ቶሎ!»

ካውያ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ካውያውን አነሳች። መልሳ አስቀመጠችው።

«እትዬ።»

«ምንድን ነው?»

«ይሄ የቀኝ እጅጌ አይደል?»

«ነዋ!»

«ግራ ላይ ነው የገጠምሽው። እሱም ተገልብጦ።»

ጋሽ ሜትር መጥቶ አየ። «የቶሎ ቶሎ ቤት…» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ፊቷን አየና አልጨረሰውም። እትዬ ቶሎ በሃያ ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ተሳስታለች፤ ባልም ጭምር፣ ራሷ እንደምትለው። እጅጌ ግን ተሳስታ አታውቅም።

ራሷም አየችው። ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ በትንሽ ድምፅ «ኧረ እኔ አልሰፋሁትም» አለች። ጋሽ ሜትር ሌላ ቃል አልጠበቀም። መሳቢያዋን ከፍቶ የድሮውን የጣት መውጊያ ከነመለኪያው አወጣ።

«ጣትሽን ስጪኝ።»

«ዛሬ ወግተህ አልጠገብክም?»

«ስጪኝ አልኩሽ፣ አንቺ ሴትዮ!»

ካውያ ነጩን ቀሚስ እንደ ሕፃን አቅፋ ወደ ሱቁ ማዶ ሸሸች። ጋሽ ሜትር ወጋ። ጠብታዋ ወጣች። ሃምሳ ስምንት።

«እውነቷን ነበር» አለች ካውያ ከማዶ። «ስፒል ውጣ እንኳ እውነቷን ነበር!»

የማንጎ ጭማቂ መጣ። እትዬ ቶሎ አንዱን ብርጭቆ ቁልቁል ላከችው። ያን ጊዜ ብቻ ነው ቶሎ ማለቷ የጠቀማት።

«አሁን አሥራ አምስት ደቂቃ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለች ካውያ።

«እጅጌውን እየፈታሁ…»

ዝም ብላ አሥራ አምስት ደቂቃ የተቀመጠችበትን ቀን ማንም አያውቅም። ጋሽ ሜትር ሜትሩን ካንገቱ አውልቆ በወገቧ አዞረና ከወንበሩ ጋር አሰራት። ሲያስር፣ ከልማድ የተነሳ፣ ቁጥሩን አነበበው።

«ዘጠና ስድስት።»

«ማን ጠየቀህ?»

«ባለፈው ዓመት ዘጠና አንድ ነበርሽ።»

«ፍታኝና አሳይሃለሁ!»

«ተሻላት» አለ ጋሽ ሜትር። እጁ ግን አሁንም ሜትሩን እንደጨበጠ ነበር።

ስልኩ ላይ ሰባ አራት። ሰማንያ ዘጠኝ። መቶ ሁለት። ካውያ ምሳውን አመጣች፤ እትዬ ቶሎ እንደታሰረች በላች። ማንም አልሳቀም። ቆይተው ነው የሳቁት።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ወደ ክሊኒክ ሄዱ። ጋሽ ሜትር በደለኛ ስለሆነ አብሯት ሄደ። ታክሲ ውስጥ በግራዋ ተቀምጦ እጁን እንደ አጥር ዘረጋ።

«አባቴ፣ ጠጋ በሉልን» አለው አንድ ተሳፋሪ።

«አልጠጋም። ሴትዮዋ ትዋጋለች።»

ተሳፋሪው ዶቃውን አየና በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደ።

ሲስተር ክንዱን ስታይ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ስፒል።»

«ማን ሰካው?»

ጋሽ ሜትር እንደ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ለአሥር ሰዓት ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል» አለች እትዬ ቶሎ። «እንዳትነኪው።»

ሦስቱም ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያዩ ተቀመጡ። ስልኩ ጮኸ። የቁልፏ ጊዜ አልቋል። ሲስተር ጓንት አጠለቀች፣ ስፒሉን ነቀለች፣ ሽፋኑን አስወለቀቻት፣ ቀጥሎ ቁልፏን አነሳች፣ ቆዳውን ጠረገች፣ አየችው። ደህና ነው። ከዚያ ስልኩን ወስዳ የቀኑን መስመር ተመለከተች። ስምንት ሰዓት ላይ መስመሩ ጉድጓድ ገብቷል።

«እዚህ ጋ ምን ሆነሽ ነው?»

«እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ።»

«ስልኩ አልጮኸም?»

«ጮኋል።»

«ታዲያ?»

እትዬ ቶሎ ጋሽ ሜትር ጉድጓዱን አይቶት እንደሆነ ለማረጋገጥ ዞር አለች። አይቶታል።

ሲስተር ቁልፏን በአንድ እጇ፣ ስፒሉን በሌላው ይዛ መዘነች። እትዬ ቶሎ ጣቶቿን መዳፏ ውስጥ አጥፋ ደበቀች።

«ሁለት ሳምንት ሞልታለች» አለች ሲስተር በመጨረሻ። «እንዴት እንደሞላች አልጽፍም። ቀኝ ክንድሽን አምጪ።»

አመጣች፤ አራተኛዋ ቁልፍ ተለጠፈችላት።

«ትራሱንም አምጪ። ሁለተኛ እንዳትሰፊ።»

«ምን ታደርጊበታለሽ?»

«እኔም ቤት ስፒል አለኝ።»

ሰጠቻት። ባለ ነጭ ዶቃውን ስፒል ግን ጋሽ ሜትር ተቀበለ፣ የሱቅ ዕቃ ነው ብሎ።

እትዬ ቶሎ ወደ ሱቅ ተመለሰች። በበሩ መሃል፣ በቀጥታ፣ ቀስ ብላ ገባች። ሹራቧን አወለቀች፤ ቀኙን እጅ መጨረሻ። ተቀመጠችና እጅጌውን ፈታችው።