ከአሸዋ ድንጋዩ ሥር

በ1976 ዓ.ም. የካቲት፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ከአዲ አርቃይ በታች ባለው ገደል ጥላ ሥር ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። የውሃ ቅላቸው ባዶ ነው። የአራት ዓመቷ ሸጊቱ ትኩሳት ይዟት በእናቷ በውቢት ጭን ላይ ተኝታለች። የውቢት አባት፣ አባ ካሴ፣ ጀርባቸውን ለድንጋዩ ሰጥተው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ወደ ሱዳን አብረዋቸው የሚሄዱት ሰዎች ተከዜ ዳር ይጠብቋቸዋል። ወንዙ ግን የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ደግሞም ቤተ እስራኤል በሰንበት መንገድ አይሄድም፣ ውሃም አይቀዳም።

ገደሉ ከላይ ጥቁር ነው። ከሥሩ ቀይና ነጭ የአሸዋ ድንጋይ እንደ ታጠፈ ጋቢ ተደራርቧል። ሐሩሩ ሲያርገበግበው ለውቢት የሚተነፍስ መሰላት።

"ባሕር ነበር" አሉ አባ ካሴ። "ማዕበሉ ደርቆ ቀርቷል።"

ጣታቸው በድንጋዩ ላይ ያሉትን ትንንሽ ሞገዶች ተከትሎ ሄደ። ብረት ቀጥቃጭ ናቸው፤ የቢላ መሳያ ድንጋይ ሊፈልጡ በየበጋው እዚህ ይወርዱ ነበር።

"አባባ፣ ዓሣ አለው?" አለች ሸጊቱ ዓይኗን ሳትገልጥ።

"አለው፣ እሜቴ። ድንጋይ ሆኖ ተኝቷል።"

"ባሕሩ ለልጄ አንዲት ጉንጭ ውሃ ቢያስተርፍላት ምን ነበረበት!" አለች ውቢት።

"አስተርፏል። ከታች ያንን ግራጫውን ጭቃ ድንጋይ አየሽው? ከላይ የሰረገው ውሃ እዚያ ሲደርስ መሄጃ ያጣና በላዩ ባለው ስንጥቅ በኩል ይወጣል።"

ውቢት ልጇን አስተኝታ እየዳኸች ሄደች። እጇን ስንጥቁ ውስጥ ከተተች፤ ቀዘቀዛት።

"እርጥብ ነው! በደለል ተደፍኗል እንጂ። ልቆፍረው።"

"ሰንበት ናት፣ ልጄ። ሲመሽ ይደረሳል።"

"እሷስ እስኪመሽ ትደርሳለች? ከንፈሯን ይዩት እንጂ፣ አባዬ!"

ሽማግሌው የልጅቱን ከንፈር በአውራ ጣታቸው ነኩት። እንደ ቅርፊት ሻክሯል።

"እሺ፣ ልቆፍር፤ ኃጢአቱም በእኔ ይሁን" አለች ውቢት።

"ተይ። አንቺ ገና ብዙ ሰንበት አለሽ።"

ምርኩዛቸውን አንሥተው ስንጥቁ ውስጥ ወሸቁት። ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ ቀስ ብለው ደለሉን ፈለፈሉት። መጀመሪያ ቀይ ጭቃ ወጣ፤ ቆይቶ የጠራ ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ።

ጀምበር ስትጠልቅ ውሃው ከስንጥቁ በታች ያለውን አሸዋ አንድ ክንድ ያህል አርሶት ነበር። ሸጊቱ ሦስት ጊዜ ጠጥታለች፤ ውቢት አንድ ጊዜ። አባ ካሴ አልቀመሱም።