ለሦስት ሰው የሚበቃ

ሰልዋ ከሾላ ገበያ ጀርባ ካለው ክሊኒክ ስትመለስ እግሯን እየጎተተች ነበር። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ደብሪቱ አልተቆጧትም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት ፕሮግራሙን አስተካክላችሁልን ነበር። ዛሬ ያው ስህተት ተመልሶ መጣ። የአንዱን በሽተኛ ካርድ በሌላው ስም ያወጣል» አሏት።

ቢሮዋ ኢምፔሪያል አጠገብ፣ ከቀለም መሸጫ ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። በ1990 ዓ.ም. የኮምፒውተር ፕሮግራም የመጻፉን ሥራ ስትጀምር ከታላቅ ወንድሟ ከሙስአብ ጋር ሁለት ብቻ ነበሩ። የጻፉትን ቁርጥራጭ ሁሉ ኮምፓይል አድርጎ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ ተርጉሞ፣ አንድ ፕሮግራም የሚያደርግ ባች ፋይል የሚባል አጭር የትእዛዝ ዝርዝር ሰልዋ አሰናዳች። ታዲያ ፋይሉ በተነሳ ቁጥር ሁሉንም እንደ አዲስ ስለሚሠራ ብዙ ያስጠብቃል፤ እሷም በዚያ መሃል ጠረጴዛው ላይ ግንባሯን ደፍታ ታሸልባለች። ፕሮግራሙ እያበጠ ሲሄድና አሌክስ ሦስተኛ ሆኖ ሲቀጠር ግን መጠበቁ መረራቸው። ሁሉም የነካውን ክፍል ብቻ ኮምፓይል እያደረገ ከቀረው ጋር በእጁ ይገጥም ጀመር። የክሊኒኩ ጣጣ የመጣውም ከዚያ ነው፤ የተስተካከለው ክፍል ቀርቶ አሮጌው ገባ።

«ማን ነው የገጠመው?» አለች ገና ሳትቀመጥ።

ሙስአብና አሌክስ ተያዩ። ማንም አላስታወሰም።

አሌክስ ወንበሩን አስጠጋ። «በፊት የነበርኩበት መሥሪያ ቤት ያለውን ዓይነት ሲስተም እንዘርጋ። ማን ምን እንደቀየረ፣ ማን እንደፈቀደ፣ ሁሉን ይቆጣጠራል።»

«እዚያ ስንት ነበራችሁ?»

«አርባ ምናምን።»

«ሲስተሙን ብቻ የሚጠብቅስ?»

አሌክስ አንገቱን አከከ። «ሁለት ሰው።»

«እኛ እኮ ሦስት ነን። እኔና አንተ ሲስተም ስንጠብቅ ሙስአብ ብቻውን ሊጽፍ ነው?»

«ነገ ብናድግስ?» አለ ሙስአብ።

«ስናድግ እንለውጠዋለን። ዛሬ እሱን የምሸከምበት ትከሻ የለኝም።»

«እንግዲያው ያንቺው ባች ፋይል ይቀጥል?» አለ ሙስአብ።

ሰልዋ ፊቷን በሁለት እጇ አሸት አሸት አደረገች። ያንን ፋይል ትወደው ነበር። «የለም፤ እሱም አቅሙ አልቋል» አለች።

ከተርጓሚው ፕሮግራም ከኮምፓይለሩ ጋር አብሮ የመጣ፣ እስከዚያ ቀን ዞር ብለው ያላዩት ሜክ የሚባል መሣሪያ ነበር። የትኛው ክፍል በየትኛው ላይ እንደሚመሠረት አንዴ ከተጻፈለት፣ የተቀየረውንና ከእሱ ጋር የተያያዘውን ብቻ ለይቶ ይሠራል። ሰልዋ ጻፈችለት። አሌክስ ቅር እያለውም ቢሆን አጠገቧ ተቀምጦ የዘለለችውን እየጠቆመ አስሞላት። ከዚያ አንዱን ክፍል ነካክቶ ትእዛዙን ሰጠ፤ ሜክ ያንኑና የተያያዘውን ብቻ ሠርቶ ወዲያው ገጠመ።

«አለቀ?» አለ ሙስአብ።

«አለቀ» አለ አሌክስ።

ማንም አላጨበጨበም።

በማግስቱ አዲሱን ፕሮግራም አሌክስ ራሱ ወደ ክሊኒኩ ወስዶ ጫነላቸው። ከሰዓት ሲስተር ደብሪቱ ደውለው ካርዱ ሁሉ በየስሙ እየወጣ መሆኑን ነገሯት። ሰልዋ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ደስታው ይመጣል ብላ ትንሽ ጠበቀች፤ የመጣው ድካሙ ነው። ቦርሳዋን አነሳች።

«ወዴት?» አለ ሙስአብ።

«ቤት። ልተኛ።»

«በዚህ ፀሐይ?»

እጇን አወዛውዛለት ደረጃውን ወረደች።